ዓይኔ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ

በዚያን ዘመን ደጀን የሚያድር ሾፌር ሁሉ ያውቀኝ ነበር። ዓባይ በረሃን ሊወርድ ሲል ወይም ሲወጣ የኋላ መብራቱ የተሰበረበት፣ ፍሬቻው የረገፈበት፣ ስፖኪዮው የተሰነጠቀበት ሁሉ "ቢያድግልኝ ጋ ሂድ" ይባላል። አዲስ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት የሚቆም ሾፌር የለም። እኔ የተሰበረውን ቀይ ፕላስቲክ ከሌላ ስባሪ ጋር አገጣጥሜ፣ ከሰል ላይ በጋለ ቢላ አቅልጬ አጣብቄ፣ በሞረድ አስተካክዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ እሰጠዋለሁ። ሥራዬን እወድ ነበር። መኩራትም እወድ ነበር፤ ይኼን ሚስቴ ሙሉጎጃም ትመሰክራለች።

ግራ ዓይኔ ገና በልጅነቴ እሾህ ወግቶት ጠፍቷል። ስለዚህ የምሠራውም የምኮራውም በቀኙ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ እሱም ይደበዝዝብኝ ጀመር። መጀመሪያ መስታወት ላይ ትንፋሽ ያረፈ መሰለኝ። አሸሁት፣ ታጠብኩ፣ ጠበል ተጠመቅኩ። ጭጋጉ ግን እየወፈረ ሄዶ፣ መስኮቱን ከግድግዳው ብቻ የምለይ ሰው ሆንኩ።

ሱቁን ልንዘጋ ነው ብዬ ሳዝን ሚስቴ ሙሉ "አንተ ንገረኝ፣ እኔ እሠራለሁ" አለችኝ።

ሳቅሁባት። እሷ ግን የምሯን ነበር። በማግስቱ እኔ በሩ ላይ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ፤ እሷ ስባሪዎቹን በእጄ ታስይዘኛለች፣ እኔ ጠርዛቸውን በጣቴ ዳብሼ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም እነግራታለሁ። "አሁን ቢላውን አስገቢ፣ አሁን አውጪ፣ አሁን ጫን አድርገሽ ያዢ" እላለሁ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ግን ዕቃቸውን ለእሷ ያቀብሉ ጀመር። "የተጣበቀበት ስፌት ጠፋ?" ስላት "ጠፍቷል" ትለኛለች። አንዳንዴ ትንፋሿን ሳብ ስታደርግ እሰማለሁ። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምንም፣ ጭሱ ነው" ትላለች። እኔም አምኜ ወደ ትእዛዜ እመለሳለሁ።

እንዲህ እያለን ነው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደብረ ማርቆስ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ መጥተዋል፣ የዓይን ሞራ እያወጡ ነው፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ይሄዳሉ ያለን። ሙሉ ሱቁን ቆለፈችና ጠዋት አውቶቡስ ላይ አወጣችኝ።

ሆስፒታሉ ግቢ ስንደርስ የሰው ድምፅ እንደ ገበያ ነው። ተራችን ደርሶ አንድ ወጣት ዶክተር መብራት እያበራ መረመረኝና "ጋሼ ቢያድግልኝ፣ ጠንካራ ሞራ ነው፤ ግን ይሠራል" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ ይኼ ዓይን ብቸኛ መሆኑን፣ ኦፕራሲዮን ደግሞ ምንጊዜም አደጋ እንዳለው፣ አስቤበት እንድወስን ነው። ቢሳካ አያለሁ። ባይሳካ ያቺ የመስኮት ብርሃንም ትጠፋለች።

"ይሠራ" አልኩ። ያን ጊዜ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የሚሠራው ዓይን እንዲታወቅ ግንባሬ ላይ ፕላስተር ለጠፉብኝ፣ ጠብታ ጨመሩብኝ፣ በረንዳው ላይ ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቀመጡኝ። ሙሉ የሚበላ ነገር ልታመጣ ወጣች። አጠገቤ የተቀመጡት ከአማኑኤል የመጡ መሪጌታ ፈንታ የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። መጽሐፍ ማንበብ ከተዉ ቆይተዋል፤ ተማሪዎቻቸው እያነበቡላቸው በቃል ነው የሚያርሙት።

"ትናንት ነበር ተራዬ" አሉኝ። "አልገባም ብዬ ነው የዋልኩት። ሞራውን አውጥተው በምትኩ የሚተክሉት ነገር ከእንስሳ ዓይን ይሁን ከምን ሳላውቅ እንዴት እተኛለሁ? እኔ ማኅሌት የምቆም ሰው ነኝ። የማይበላ እንስሳ ዓይን ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ልግባ?"

"ታዲያ ምን አሉዎት?"

"ከሥጋም፣ ከአጥንትም፣ ከቆዳም አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ልቤ አርፎ መጣሁ።"

የእኔ ልብ ግን ያን ጊዜ ተነሣ። ፕላስቲክ? የምን ፕላስቲክ? ከመሪጌታ ወዲያ የተቀመጡት ከጉንደ ወይን የመጡ ሴትዮ "እኔ የሰማሁት ብርጭቆ ነው ብለው ነው" አሉ። ከኋላችን የቆመ ሰው ደግሞ "ጎማ ነው እንጂ። እንደ ወረቀት ታጥፎ ይገባና ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል አሉ" አለ። መሪጌታ ተቆጡ፤ "ፕላስቲክ ነው ብያለሁ፣ ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት" አሉ። ብርጭቆ፣ ጎማ፣ ፕላስቲክ። እኔ ሦስቱንም አውቃለሁ፤ ሦስቱንም ዓይኔ ውስጥ አስቤ ሦስቱም አልዋጥ አሉኝ። ጠብታ የጨመረችብኝ ሲስተር ስታልፍ በድምፅዋ አወቅኋትና ጠራኋት።

"ሲስተር፣ የምትተክሉት ነገር ከምንድን ነው የተሠራው?"

"አክሪሊክ ነው ጋሼ" አለች እየተጣደፈች። "ጠንካራ ፕላስቲክ። የመኪና የኋላ መብራት ክዳን አያውቁም? እንደሱ ያለ ማለት ነው።" ብላኝ አለፈች።

እንዲገባኝ ብላ ነው። ለማን እንደተናገረች ግን በምን ታውቃለች? ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ ላይ ያንን ክዳን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ቀዩ እንደሚነጣ አውቃለሁ። ሆዱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ እንደሚያወጣ፣ ቤንዚን የነካው ጨርቅ ካረፈበት ላዩ ሟሙቶ እንደሚያለቅስ፣ አርጅቶ ሲያበቃ ገና በእጅ ሲነኩት ቋ ብሎ እንደሚሰበር አውቃለሁ። ያንን ነው አንድ ለቀረችኝ ዓይን የሚያስገቡልኝ? ሰው ሁሉ የማያውቀውን ነገር ይፈራል፤ እኔ የፈራሁት በጣም የማውቀውን ነው።

ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን ዝም አልልም። ለመሪጌታ ስለ ክዳን አረጃጀት ማስረዳት ጀመርኩ። ድምፄ ትንሽ ጎላ ሳይል አልቀረም፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ያዳምጠኛል። የደጀንን ፀሐይ፣ ስንጥቁን፣ ስብራቱን ሁሉ ነገርኳቸው። የጉንደ ወይኗ ሴትዮ "ወንድሜን ጥሩልኝ፣ ወደ ቤቴ ይውሰደኝ" ብለው ተነሡ። ያ የጎማው ሰውዬ ግንባሩ ላይ ያለውን ፕላስተር ሲልጠው ሰማሁ።

"ልጄ፣ አንተ ሐኪም ነህ?" አሉኝ መሪጌታ።

"አይደለሁም። የመኪና መብራት ጠጋኝ ነኝ።"

"እኔ ከእንስሳ አይደለም ብዬ ገና ስረካ፣ አንተ ከመኪና ነው ትለኛለህ። ከየት ቢመጣ ነው ደስ የሚልህ?"

 እሳቸው አልተነሡም፣ ነገር ግን ዱላቸውን ወደ ጉልበታቸው ሲያስጠጉ ይሰማኛል።

ግርግሩን ሰምቶ ዶክተሩ ራሱ ወጣ። ምን እንደተባለ ነገሩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ መጥቶ ከፊቴ ቁጢጥ አለና "እጅዎን ይስጡኝ" አለኝ። መዳፌ ላይ አንዲት ቀላል ነገር አስቀመጠ። "ይቺ ሌንስ ለማሳያ የያዝናት ናት፤ ለሰው አትገባም። ይዳብሷት።"

ዳበስኳት። ከምስር ፍሬ እምብዛም አትበልጥም፤ ከግራና ከቀኝ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ጠምዛዛ እግሮች አሏት። ጣቴ ወዲያውኑ የለመደውን ፍለጋ ጠርዟን ዞረ። በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የወጣ ፕላስቲክ ሁሉ ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት ስፌት አለው፤ ክዳን ሁሉ አለው። እዚህ ላይ የለም።

"ስፌቷ የታለ?"

"የላትም" አለኝ ዶክተሩ። "በቅርጽ የሚያፈስሱ አሉ። የዚች ዓይነቷ ግን ከድፍን ፕላስቲክ እየተሽከረከረች በቶርኖ ማሽን ነው የምትቀረጸው፤ በጣም ትንሽ በሆነ ቶርኖ። ከዚያ ከደቃቅ ጠጠር ጋር በርሜል ውስጥ ለቀናት እያገላበጡ ያለሰልሷታል። ብርጭቆም ተሞክሮ ነበር፤ ከብዶ አስቸገረ። ታጥፎ የሚገባ ለስላሳም አለ፣ እሱ ግን ውድ ነው፣ እኛ ጋ አልደረሰም።"

ስለዚህ ብርጭቆ ያሉትም፣ ጎማ ያሉትም፣ ፕላስቲክ ያሉትም ሁሉም ልክ ነበሩ። ይኼ ሲገባኝ ይባስ ግራ ተጋባሁ።

"እሺ፣ እንደ ክዳኑ አያረጅም? ቢሰነጠቅስ?"

"ዓይን ውስጥ ፀሐይ እንደ ውጭ አይመታውም። ቤንዚንም የለም። ዘራቸው አንድ ነው እንጂ ይቺ ጥርት ያለች ናት፤ ቀለም የላት፣ ቅልቅል የላት። በሌላ አገር ብዙ ዓመት ይዘዋት የኖሩ ሰዎች አሉ። ግን ጋሼ፣ እኔ የምተክል ነኝ እንጂ ፋብሪካ ውስጥ አልሠራሁም። ለእርስዎ ዓይን እምላለሁ አልልም። ከፈለጉ ይተዉት፤ ለሌሎቹ ግን የሚያስፈራ ነገር አይንገሩብኝ።"

ሄደ። ከሱ በኋላ መሪጌታ ተጠሩና ዱላቸውን እየመቱ ገቡ፤ ሲገቡ ለራሳቸው በግእዝ የሆነ ነገር ያነበንባሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ ነኝ። እንዲህ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ አያውቅም። አንዴ ዶክተሩ እውነቱን ነው እላለሁ። አንዴ ደግሞ እዚያ ሱቃችን በር ላይ የተሰቀሉት የነጡ ክዳኖች ይታዩኛል፤ ዓይን ለሌለው ሰው ምን እንደሚታየው እንጃ እንጂ ይታዩኝ ነበር። ሙሉ ተመልሳ መጥታ ዳቦ እጄ ላይ ስታስቀምጥ፣ ክንዷን ያዝኩና "ወደ ቤት እንሂድ" አልኳት።

ለምን እንደሆነ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"በስንት ጊዜው ነው የሚነጣው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ክዳኑ።"

"እንደ ፀሐዩ ነው። ጥቂት ዓመት።"

"እንግዲያ ጥቂት ዓመት እየኝ" አለች። "ሲነጣ ያን ጊዜ እንደገና እመራሃለሁ። ምን ቸገረኝ፣ ለምጄዋለሁ።"

ይኼን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ሳቅም ነበረበት፣ ድካምም ነበረበት። አልቅሼ ነበር፤ ዓይን የሌለው ሰው ማልቀስ አያምርበትም ብላችሁ አትሳቁብኝ። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ ያመንኩትም ነገር አልነበረም። ገባሁ ብቻ።

ጠረጴዛው ላይ አስተኙኝ። ዓይኔ ሥር በመርፌ አደነዘዙኝ፣ ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑት። ሕመም የለም፤ ግን ይሰማል። የብረት ድምፅ፣ የውኃ ጠብታ፣ የዶክተሩ "እንዳይንቀሳቀሱ፣ ጎበዝ፣ እንዳይንቀሳቀሱ" የሚል ድምፅ። ቆይቶ ድምፁ ተቋረጠ። እጁም ቆመ።

"ሲስተር፣ እስኪ እይው። ሞራው መሐል። ምንድን ነው ይኼ?"

"ደም ነው?"

"ደም አይደለም። ጠንካራ ነው። ቀይ ነው።"

እኔ ጨርቁ ሥር ሆኜ ደረቅሁ። ሌንሱን አስገብተው ሰብረውታል ማለት ነው አልኩ በልቤ። ቋ ብሎ ተሰብሯል። አላልኩም?

"ተሰበረ?" አልኩ።

"ምኑ ጋሼ?"

"ክዳኑ። ሌንሱ።"

"ሌንሱ ገና አልገባም፤ ከነማሸጊያው እዚህ ነው ያለ። ይኼ የእኛ አይደለም።" ከዚያ "ይኼን ዓይንዎን አንድ ነገር መትቶዎት ያውቃል?" አለኝ።

"ግራውን እሾህ..."

"ቀኙን ነው የምልዎት።"

አሰብኩ፣ ምንም አልመጣልኝም። "አላውቅም" አልኩ። እሱም ሥራውን ቀጠለ። ዓይኔ ውስጥ የራሴ ያልሆነ፣ የእነሱም ያልሆነ ቀይ ነገር አለ እየተባልኩ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሌላ ነገር አስገቡበት፤ ሰፍተው በጨርቅ አሰሩልኝ። ሙሉን "ምን አሉሽ?" ብላት "በጥጥ ጠቅልለው አንድ ነገር ሰጡኝ፣ ነገ ትከፍቺዋለሽ አሉኝ" አለችኝ። ያ ሌሊት እንዴት እንደነጋ እኔም አላውቅም።

ጠዋት ዶክተሩ መጥቶ ፋሻውን ፈታ። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር፤ የሚያንገበግብ። ቀጥሎ ነጭ ነገር መጣ። ነጭም አይደለም፣ ሰማያዊ የነካው ነጭ፤ ለካ ጋውኑ ነው። ነጭ እንዲህ ያለ ቀለም እንደነበረው ረስቼዋለሁ። ከጋውኑ በላይ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ቆሟል።

"ይኼ ስንት ነው?"

"አንድ ጣት" አልኩት። "ቀለበትም የለበትም። ሳታገባ ነው እንዴ የሰው ዓይን የምትነካ?"

ሳቀ። ከጎኔ አልጋ ላይ መሪጌታ ፈንታ አንድ ዓይናቸው ተፈትቶ የግድግዳውን ስንጥቅ እንደ ብራና ትክ ብለው ያያሉ። ዶክተሩ ሙሉን ጠራትና "ጥጡን አምጪው" አላት። ለእኔ አጉሊ መነጽር ሰጠኝ፤ ለቅርብ ለጊዜው ደብዘዝ እንደሚልብኝ ነግሮኝ።

ሙሉ ጥጡን መዳፏ ላይ ዘረጋችው። መሐሉ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቀይ ስባሪ አለች።

መነጽሩን አስጠግቼ ሳይ አወቅኋት። እንዴት አላውቃትም? አንድ የአይሱዙ የኋላ መብራት ክዳን በመዶሻ እያላቀቅኩ ሳለ የሆነ ነገር ዓይኔን ቸብ አደረገኝ፤ እንባዬ ወረደ፣ ጠበል ሄድኩ፣ በሁለተኛው ቀን ተወኝና ረሳሁት። ዓይኔ መደብዘዝ የጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም። የዚያ ክዳን ግማሹ ዛሬም ሱቃችን በር ላይ ተሰቅሏል፤ ዓይኔ ሳይጠፋ በፊት ነው የነጣው። ይቺ ግን እንደተሰበረችበት ቀን ቀይ ናት። ጠርዟ አልላላም፣ ሆዷ አልተሰነጠቀም። ሥራዬ ነውና በቀለም አልሳሳትም፤ አልደበዘዘችም።

"ሞራውን ያመጣችው እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ስትገባ ወግታዋለች" አለ ዶክተሩ። "ዓይንዎ ግን ከወጋችው በኋላ አልተቆጣባትም፤ ይዟት ኖረ። ጋሼ፣ ይኼ ነገር መጀመሪያ የታወቀውም እንዲህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ሲመታ ስባሪው አብራሪዎቹ ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ብርጭቆ ያልሆነው፣ የአክሪሊኩ ስባሪ፣ ዓይናቸው ውስጥ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ይኼን ያየ ሐኪም ነው ሌንስ ከዚህ ይሠራ ያለው። እኔ ትናንት ልምልልዎት አልቻልኩም። እርስዎ ግን እኔ ሳልተክልልዎት በፊት ሞክረውታል።"

መሪጌታ ከአልጋቸው "ከመኪናም ቢሆን እንግዲህ መንገድ ያሳያል" አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። መነጽሩ ከስባሪዋ ላይ ትንሽ ሸርተት ብሎ የሙሉ መዳፍ ላይ አርፎ ነበር። መዳፏ ላይ ቆዳው የለሰለሰ፣ የሚያብረቀርቅ ቦታ አለ። ሌላም አለ። ጣቶቿ ላይ ረጃጅም ጠባሳ፣ አውራ ጣቷ ሥር ገና ያልደረቀ ቁስል። የጋለው ቢላ የነካት ሁሉ እዚያ አለ። "ጫን አድርገሽ ያዢ" ያልኳት ሁሉ እዚያ አለ። እጇን ይዤ አገላበጥኩት፤ ጀርባውም እንዲሁ ነው።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኳት።

እጇን ለመንጠቅ ሞከረች፤ አልለቀቅኩም። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። ከሳሁ ብላ አልነገረችኝም ነበር።

"ጭሱ ነው" አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ሌንሱ ነጣ ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ካላችሁ አልነጣም፤ ለቅርብ መነጽር አደርጋለሁ እንጂ ሩቁን አያለሁ። መሪጌታም እስኪያርፉ ድረስ ራሳቸው እያነበቡ አስተማሩ። ይኼን ሁሉ የማወራላችሁ ግን ሐኪም እመኑ ልላችሁ ብቻ አይደለም። እኔ ያኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ዕውቀት አለኝ ብዬ ሰው ሳስፈራ፣ ያልኩት ሁሉ ደጀን ፀሐይ ላይ እውነት ነበር። ዓይን ውስጥ ግን እውነት አልነበረም። የማውቀው ነገር የት ድረስ እንደሚሠራ ዛሬም በደንብ አይገባኝም፤ አንዳንዴ ቁጭ ብዬ ሳስበው እንደገና ግራ ይገባኛል። ስለ ፕላስቲኩ አንድ በአንድ ሳውቅ፣ አጠገቤ ቆማ ቢላ ስለምትይዘው ሰው ምንም አላውቅም ነበር። ይኼ አሁንም ያሳፍረኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ሱቁ ዛሬም አለ። ቢላውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እሷ ግን እምቢ ብላ አንዳንዴ ትነጥቀኛለች፣ ስፌት ማጥፋት ከኔ ይልቅ ለምዶባታል። ያን ጊዜ ትንፋሿን ሳብ ስታደርግ ከሰማሁ ምን ሆንሽ ብዬ አልጠይቃትም። ቀና ብዬ አያለሁ።